ሁለት አገልጋዮች

የሳምንቱ ትምህርት፦ እምነትን በዕለት ኑሮ መኖር
ንባብ፦ 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 5 (ሙሉውን)

መጽሐፍ ቅዱስ የሌላችሁ፣ ካላቸው ጋር ተቀምጣችሁ አንብቡ። ማንበብ የማይችሉ እናቶችም ስላሉ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብላቸው። ምዕራፉን ሳታነቡ ይህን ወረቀት አትጀምሩ።

   

በቀደም ውሃ መቅጃው ጋ ሰልፍ ይዘን ሳለ አንድ ወንድም እንዲህ አለኝ፦ «ወንጌላዊ፣ እውነቱን ልንገርህ? እኔ ካርቱም እያለሁ ክርስቲያን ነበርኩ። ዓርብ ዓርብ ኅብረት ነበረኝ፣ ከመዘምራን ጋር እዘምር ነበር፣ ከማገኛትም አሥራት አወጣ ነበር። እዚህ ምን አለኝ? ጠዋት ውሃ፣ ቀን ጥላ ፍለጋ፣ ማታ ወሬ። በዚህ ኑሮ ውስጥ እምነት የቱ ጋ ነው የሚገባው?»

መልስ አልሰጠሁትም። ተራዬ ደረሰ፣ ጀሪካኔን ሞልቼ ሄድኩ። ጥያቄው ግን ድንኳኔ ድረስ ተከተለኝ። ዛሬ የምጽፈው ለእሱ ነው። ለራሴም ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትደርሱ ታያላችሁ።

1. ስሟ ያልተጻፈው ልጅ

ታሪኩን አንብባችኋል። ንዕማን የሶርያ ንጉሥ የጦር አዛዥ ነው። ጀግና ነው፣ የተከበረ ነው፣ ግን ለምጽ አለበት። የሶርያ ሰዎች ለዘረፋ ወጥተው ከእስራኤል አገር አንዲት ትንሽ ልጅ ማርከው አመጡ። ልጅቷ የንዕማንን ሚስት የምታገለግል ሆነች።

ብዙ ጊዜ ይህ ምዕራፍ ሲሰበክ ቶሎ ወደ ንዕማንና ወደ ዮርዳኖስ እንሮጣለን። ዛሬ ልጅቷ ጋ ትንሽ እንቆይ። ስሟ አልተጻፈም። የአባቷም ስም የለም። እናቷ ትኑር፣ ትሙት አልተነገረንም። የምናውቀው መሣሪያ የያዙ ሰዎች መጥተው ከአገሯ እንደወሰዷት ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ከእኛ መካከል ማስረዳት የሚያስፈልገው ሰው ያለ አይመስለኝም።

በተለይ ካርቱም በሰው ቤት የሠራችሁ እህቶች፣ ይህችን ልጅ ከሰባኪዎች ሁሉ ይበልጥ ታውቋታላችሁ። ቋንቋው ሳይገባሽ በእጅ ምልክት መታዘዝ። የራስሽ ልጅ አገር ቤት ሆኖ የሰው ልጅ ማዘል። ስም እያለሽ «ሐበሺያ» ተብሎ መጠራት። በዓል ሲመጣ በኩሽና ብቻሽን መቆም። ልጅቷም እንደዚሁ ነች። መቅደስ የላትም፣ ካህን የላትም፣ አብሯት የሚጸልይ ሰው ስለመኖሩም አልተጻፈም።

የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቁጥር 3 ላይ ነው። ጌታዋ በሰማርያ ወዳለው ነቢይ ቢሄድ ከለምጹ ይድን እንደነበር ለእመቤቷ ነገረች። በቃ። ከዚያ በኋላ ስለ እሷ ምንም አልተጻፈም።

እኔን የሚገርመኝ ሰዎቹ የሰሟት መሆኑ ነው። ንዕማን የልጅቷን ቃል ይዞ ንጉሡ ፊት ቀረበ። ንጉሡ ደብዳቤ ጻፈለት። ከዚያ ንዕማን አሥር መክሊት ብር፣ ስድስት ሺህ ሰቅል ወርቅና አሥር ቅያሪ ልብስ ጭኖ ተነሣ። አንድ መክሊት ከ30 ኪሎ በላይ ይመዝናል። አሥሩ ከ300 ኪሎ በላይ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሀብት ጭኖ፣ ትናንት ሲዘርፉት ወደነበረው አገር መሄድ! በማን ቃል? በአንዲት ምርኮኛ ሠራተኛ ቃል።

እስቲ አስቡት። ልጅቷ ዕቃ የምትደብቅ ብትሆን፣ ለእመቤቷ አንድ ነገር ለጎረቤት ሌላ ነገር የምታወራ ብትሆን፣ ያን ቀን ማን ይሰማት ነበር? «ዝም ብለሽ ሥራሽን ሥሪ» ነበር የሚሏት። እኔ የምረዳው እንዲህ ነው፦ ቃሉን ለመናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ቃሉ እንዲታመን ያደረገው ግን ከዚያ በፊት በዚያ ቤት የኖረችው ኑሮ ነው። ልብስ ስታጥብ፣ ውሃ ስትቀዳ፣ አልጋ ስታነጥፍ ያዩዋት ሰዎች ናቸው ያመኗት።

2. በካርቱም ያየነው

አንዲት እህታችን ዛሬ በመካከላችን አለች። ታሪኳን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ «ስሜን ግን አትጥራ» ብላኛለች።

ካርቱም ውስጥ ሪያድ ሰፈር፣ በአንዲት ሃጃ ቤት አራት ዓመት ሠርታለች። የገባች ሰሞን ሃጃ ይፈትኗት ነበር። በሚታጠበው ጀለቢያ ኪስ ውስጥ ገንዘብ ይገኛል። ሶፋው ሥር ገንዘብ ወድቆ ይገኛል። የሠራችሁበት ታውቁታላችሁ፤ ተረስቶ አይደለም። እሷ እያነሣች ቴሌቪዥኑ አጠገብ ታስቀምጣለች፣ ምንም አትናገርም። አንድ ቀን ግን አንገሸገሻት። መታጠቢያ ክፍል ገብታ «ጌታ ሆይ፣ እኔ ሌባ ነኝ እንዴ? እስከ መቼ ነው እንዲህ የምፈተነው?» ብላ አለቀሰች። ፊቷን ታጥባ ወጣችና ያን ቀን ያገኘችውንም ገንዘብ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጠችው።

ያን ቀን ማንም አላጨበጨበላትም። ዓርብ ኅብረት መጥታም አልመሰከረችውም። «ምኑ ነው የሚመሰከረው? የራሴ ያልሆነውን አለመውሰዴ ነው?» ትላለች እስከ አሁን።

ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 15 ቀን 2023። የትንሣኤ ዋዜማ ነበር፣ ለሱዳኖቹ ደግሞ ረመዳን። ማናችንም አንረሳውም። ዴም ሄደን ለዶሮው በርበሬና ቅቤ የገዛን ነበርን። ጠዋት ተኩስ ተጀመረ፤ ዶሮውም በርበሬውም እዚያው ቀረ።

እህታችን ለበዓሉ ፈቃድ ተቀብላ ልብሷን በፌስታል አድርጋ ልትወጣ ነበር። መውጣት አልተቻለም። መብራት ጠፋ፣ ውሃ ጠፋ። ሃጃ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ተኩሱ ጋብ ሲል ለሳቸው ውሃ ፍለጋ የምትወጣው እሷ ነበረች። ከቀናት በኋላ የሃጃ ልጅ መኪና ይዞ መጣ፤ ወደ ወድ መደኒ ሊወጡ ነው። መኪናው ጠባብ ነው። ዘመዶቻቸው «በሷ ቦታ ዕቃ እንጫን» አሉ። ሃጃ «ይቺ ልጅ ካልገባች እኔም አልገባም» ብለው ቁጭ አሉ። መንገድ ላይ ታጣቂ ባስቆማቸው ቁጥር በእሷ ላይ እጃቸውን አድርገው «ቢንቲ» ይሉ ነበር። ልጄ ናት ማለት ነው። በታኅሣሥ 2016 ጦርነቱ መደኒም ደረሰ። እዚያ ተለያዩ፤ ሃጃ ወደ ግብፅ፣ እሷ ወደ ገዳሪፍ፣ ከዚያም እዚህ ካምፕ።

ወገኖች፣ ይህን ስጽፍ አንድ ነገር እንዳይምታታባችሁ እፈራለሁ። ታማኝ የሆነ ሁሉ መኪና ውስጥ ቦታ ያገኛል ማለቴ አይደለም። ሌላ እህታችን እንደዚሁ ታማኝ ነበረች። አሠሪዎቿ በሌሊት ሲወጡ አልቀሰቀሷትም። ጠዋት ስትነሣ ቤቱ ባዶ ነው። ብቻዋን በእግሯ ነው ከከተማው የወጣችው፤ መንገድ ላይ የደረሰባትን እሷና እግዚአብሔር ያውቃሉ። የእሷ ታማኝነት ከመጀመሪያዋ ያነሰ ነው? አያንስም። እግዚአብሔር ሁለቱንም አይቷል።

ንዕማን ዳነ። ልጅቷስ? ነጻ ወጣች? እናቷ ጋ ተመለሰች? መጽሐፉ አይነግረንም። እኛ ፕሮሰስ የምንጠብቅ ሰዎች ይህ ይከብደናል። «ይህን ያህል ጾሜ፣ ይህን ያህል ጸልዬ ለምን ስሜ አልተጠራም?» እንላለን። እኔም ብያለሁ። ልጅቷ ግን ዋጋ ተደራድራ አልተናገረችም። ቤቷን ያፈረሰው ሠራዊት አዛዥ ሲታመም አይታ አዘነችለት።

ይህ ለእኛ ከባድ ነው። የአገራችን ጦርነት እዚህ ድረስ ተከትሎን መጥቷል። ውሃ ሰልፍ ላይ አንዱ ቋንቋ ሲሰማ ሌላው ፊቱን ያዞራል። «የእነሱ ሰዎች ናቸው እንዲህ ያደረጉን» ይባላል። ልጅቷም «የእነሱ ሰዎች» ማለት ትችል ነበር፤ ምክንያትም ነበራት። ጌታ ኢየሱስ ራሱ በሉቃስ 4፥27 ይህን ንዕማንን ጠቅሶ ተናግሯል፤ በእስራኤል ብዙ ለምጻሞች እያሉ የነጻው ይህ የውጭ አገር ሰው እንደሆነ ነገራቸው። የሰሙት ሰዎች ተቆጡ፣ ከከተማም አውጥተው ከገደል ሊጥሉት ወሰዱት። ምሕረት ለጠላት ሲደርስ ማየት ያኔም ከባድ ነበር።

3. ንጉሡ ሲደነግጥ

ምዕራፉን መልሳችሁ ብታዩት አንድ ነገር ታገኛላችሁ። የእስራኤል ንጉሥ ደብዳቤውን ሲያነብ ደንግጦ ልብሱን ቀደደ። ጠብ ፈልገውብኝ ነው ብሎ አሰበ። ንዕማን ደግሞ ነቢዩ ራሱ ወጥቶ አላነጋገረኝም ብሎ ተቆጣ። ዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ታጠብ መባሉ አናደደው፤ የደማስቆ ወንዞች ከእስራኤል ውሃ ሁሉ ይሻላሉ አለ።

ይህን ሳነብ ካርቱም ትዝ ይለኛል። ሞግራን ጋ ሁለቱ ዓባዮች ሲገናኙ አይታችኋል፤ የነጩና የጥቁሩ ውሃ መልኩ ይለያል። እኛ ሐበሾች እዚያ ቆመን «ይሄኛው የእኛ ነው፣ ከጣና የመጣው» እንል ነበር። ከሻ መጥቶ ፖሊስ በመኪና ሲጭነን ግን ውሃው አላዳነንም። ሰው ሁሉ የራሱ ወንዝ ይበልጥበታል። ንዕማንም እንደኛው ነው።

ያን ጊዜ ማን መከረው? ቁጥር 13ን እዩ፤ አገልጋዮቹ ናቸው። ቀርበው በአክብሮት ተናገሩት፤ ነቢዩ ከባድ ነገር ቢያዝህ ታደርገው አልነበረምን፣ ይህ ቀላሉ ምን ይከብድሃል በሚል መንገድ። ሰማቸው፣ ወረደ፣ ታጠበ፣ ነጻ። እንግዲህ በዚህ ምዕራፍ ንጉሡ ሲደነግጥና አዛዡ ሲቆጣ፣ ትክክለኛውን ነገር የሚናገሩት ሠራተኞቹ ናቸው። ልጅቷ አንድ፣ እነዚህ ሁለት። «እኔ ምንድነኝ፣ ማን ይሰማኛል» የሚል ሰው ይህን ያስብ።

ግን ምዕራፉ እዚህ አላለቀም። አንድ ሌላ አገልጋይ አለ።

4. ግያዝና እኔ

ግያዝ የኤልሳዕ ሎሌ ነው። ልጅቷ ያጣችውን ሁሉ እሱ አለው። የሚኖረው በነቢዩ ቤት ነው። ጸሎት ይሰማል፣ ተአምር ያያል። ዛሬ ቢሆን «አገልጋይ» ብለን ፊት ወንበር የምናስቀምጠው ሰው ነው። ኤልሳዕ የንዕማንን ስጦታ አልቀበልም ሲል፣ ግያዝ በልቡ «ጌታዬ ይህን ሶርያዊ በነጻ ለቀቀው፤ እኔ ግን ሮጬ አንድ ነገር እወስዳለሁ» አለ። የሚገርመው፣ ይህን ያለው በእግዚአብሔር ስም ምሎ ነው። ከዚያ ሮጠ፣ «ሁለት እንግዶች መጥተውብናል» ብሎ ዋሸ፣ ሁለት መክሊት ብርና ሁለት ቅያሪ ልብስ ተቀበለ፣ ቤት ውስጥ ደበቀ፣ መጥቶም በጌታው ፊት ቆመ። ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ የትም አልሄድኩም አለ።

አሁን የራሴን ልናገር። ሽማግሌዎች ያውቁታል፤ ከእናንተም ጥቂቶች ያውቁታል። ሁላችሁም እንድታውቁት እፈልጋለሁ።

ውጭ አገር ያሉ ወገኖች ለዚህ ኅብረት ችግረኞች ገንዘብ ልከው ነበር። እኛ አካውንት ስለሌለን በአንድ ነጋዴ ባንካክ ገባ። ነጋዴው ጥሬ ገንዘብ አድርጎ ሲሰጥ ከመቶ አሥር ይቆርጣል። ገበያ ሄጄ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ተመልሼ «ነጋዴው ከመቶ አሥራ አምስት ቆረጠ» አልኩ። ከየመቶው አምስቱን እኔ ወሰድኩ።

ያን ቀን ልቤ ብዙ ምክንያት ነበረው። መንገዱን የሄድኩት እኔ፣ ፀሐይ የመታኝ እኔ፣ ለረክሻ ከኪሴ የከፈልኩት እኔ። «ለአገልጋይስ ማን ያስባል?» አልኩ። ገንዘቡን ሳድል በጸሎት ጀመርኩ፣ በጸሎት ጨረስኩ። በወሰድኩት ገንዘብ ጫማ ገዛሁ። ለምን? ለመስበክ ስቆም ሰው እንዳይንቀኝ።

ቅድም የነገርኳችሁ እህት ከተቀባዮቹ አንዷ ነበረች። ስቆጥር ሁለት የአንድ ሺህ ኖቶች ተጣብቀው ኖሮ ለእሷ አንድ ሺህ ጁነይህ በልጦ ሄደ። በቀትር ፀሐይ፣ ልጇን አዝላ፣ ከካምፑ ወዲያኛው ጫፍ መጣች። «ወንድሜ፣ በልጦ ሰጥተኸኛል። ከሌላ ሰው ድርሻ እንዳይጎድል ብዬ ነው» ብላ ዘረጋችልኝ። አዲሱን ጫማ አድርጌ ነበር የተቀበልኳት። አመስግኜ ሸኘኋት። ውሃ እንኳን ጠጪ አላልኳትም፤ ቶሎ እንድትሄድልኝ ነበር የፈለግሁት።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህን ያህል አውቄ እንኳ ለመናገር ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ሁለት ጊዜ ሰብኬያለሁ። አንዱ ስብከት ስለ ቅድስና ነበር። ይቅር በሉኝ።

በመጨረሻ ሽማግሌዎች ጋ ሄጄ ተናገርኩ። ረጅም ተግሣጽ ጠብቄ ነበር። ትልቁ ሽማግሌ «ስንት ነው?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው፣ ጻፉት። ሦስት ወር ከመስበክ አቆሙኝ። ገንዘብ ከእጄ ወጣ። ሰሊጥ አጨዳ የቀን ሥራ ገብቼ እየሠራሁ መለስኩት፤ ድርሻቸው ለጎደለባቸው በየቤታቸው እየዞርኩ እኔው ራሴ ሰጠሁ። ከሁሉ የከበደኝ የዚያች እህት በር ነው። ተቀበለችኝ፣ ቡና አፈላች። ከቡናው በኋላ «አሁን ጸልይልኝ» አለችኝ። እኔ ነበርኩ ጸሎት የሚያስፈልገኝ።

አሁን ገንዘብ ሲመጣ ሁለት ሰው አብሮ ይሄዳል። ነጋዴው የገባውን፣ የቆረጠውን፣ የሰጠውን በወረቀት ይጽፋል። ወረቀቱ በኅብረቱ ፊት ይነበባል። አንዳንዶች «በመንፈሳዊ ቤት መጠራጠር ምንድነው?» ብላችኋል። መጠራጠር አይደለም። እኔን የመሰለ ሰው ብቻውን ከገንዘብ ጋር እንዳይቀር መርዳት ነው። ከዚያ በፊት ቢደረግ ኖሮ እኔን ያተርፈኝ ነበር።

5. እንግዲህ እምነት የቱ ጋ ይገባል?

ወደ ወንድማችን ጥያቄ እንመለስ። ካርቱም የነበረን ነገር ጥሩ ነበር፤ መዘምራኑም ኅብረቱም ይናፍቀኛል። ግን ግያዝ የነቢይ ቤት እያለው ወደቀ፣ ልጅቷ ምንም ሳይኖራት ቆመች። ስለዚህ እምነት የሚገባበት ቦታ እዚህም አለ። አራቱን ልጥቀስ።

ውሃ ሰልፍ ላይ። ጀሪካን በድንጋይ ተራ አስይዞ መሄድ ልማድ ሆኗል። የሌላውን ጀሪካን ገፍቶ የራስን ማስቀደምም ልማድ ሆኗል። ማንም ሳያይ የሰው ጀሪካን ከቦታው አለመግፋት፣ ይህ እምነት ነው። አሮጊት ሲመጡ ተራ መልቀቅ፣ ቋንቋቸው የእኛ ባይሆንም።

ራሽን ላይ። የሄደን ሰው ስም እንዳለ አድርጎ መቀበል፣ የሌለ ልጅ መቁጠር። ሲርበን ምክንያቱ ይበዛል፤ አውቃለሁ፣ እኔም ልጆች አሉኝ። የተራበውን ልፈርድበት አልጻፍኩም። ግን ችግሩን ለወንድሞች ተናግሮ መለመን፣ ውሸት ከመፈረም ይሻላል። የተረፈን ደግሞ የጎረቤትን ድስት እንይ። ጎረቤት ሳይበላ አድሮ እኛ ስለ ፍቅር ብንዘምር ማን ይሰማናል?

ስልክ ላይ። ማታ ማታ ወሬ ይመጣል፦ እገሌ ተመታ፣ እነ እገሌ እንዲህ አደረጉ። ሳናጣራ እናስተላልፋለን። በአንድ የድምፅ መልእክት ሁለት ድንኳን የተጣላበትን ቀን ሁላችንም እናስታውሳለን። እውነት መሆኑን ካላወቅህ፣ አትላክ። እውነት ቢሆንም ሰው የሚያጣላ ከሆነ፣ አትላክ።

ድንኳን ውስጥ። ውጭ ትሑት ሆነን ቤት ስንገባ የምንቆጣ ወንዶች አለን። ሥራ ማጣቱ፣ መቀመጡ፣ እጅ ማጠሩ ያበሳጫል። ንዴቱን ሚስትና ልጆች ላይ ማውጣት ግን ግያዝ ቤት ውስጥ እንደ ደበቀው ነው፤ ሰው አያይም፣ እግዚአብሔር ያያል። ጳውሎስ ቆላስይስ 3፥23 ላይ የሚሠሩትን ለጌታ እንደሚሠሩ አድርገው ከልብ እንዲያደርጉት የጻፈው ለባሪያዎች ነበር። የራሳቸው ጊዜ፣ የራሳቸው ደሞዝ ላልነበራቸው ሰዎች። የእነሱን ሥራ ጌታ ለራሱ ከተቀበለው፣ የእኛን ውሃ መቅዳትም ይቀበላል።

6. ለወደቀ ሰው

ግያዝ ለምጽ ወጣበት ይላል። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፤ የታመመ ሁሉ በድሎ ነው ማለት አይደለም። ጌታ ኢየሱስ በዮሐንስ 9፥3 ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ይህን ግልጽ አድርጎታል። በሕመምተኛ ላይ እንዲህ ብሎ የሚናገር ካለ፣ ዝም ይበል።

እኔን ያጽናናኝ ግን ሌላ ነገር ነው። 2ኛ ነገሥት 8፥1-6ን አንብቡ። አንዲት ሴት በረሃብ ምክንያት ከቤተ ሰቧ ጋር ተሰዳ ሰባት ዓመት በፍልስጥኤማውያን አገር ኖረች። ስትመለስ ቤቷና እርሻዋ በእጇ አልነበረም። ልታመለክት ንጉሡ ጋ ሄደች። በዚያው ሰዓት ንጉሡን የሚያነጋግር አንድ ሰው ነበር፤ ኤልሳዕ ያደረገውን እየነገረው፣ የዚችኑ ሴት ልጅ እንዴት ከሞት እንዳስነሣ እየተረከ። ያ ሰው ግያዝ ነው! እሷን ሲያይ «ይህቺ ናት» አለ። ንጉሡም ቤቷን፣ እርሻዋን፣ ከሄደችበት ቀን ጀምሮ ያፈራውን ሁሉ እንዲመልሱላት አዘዘ።

ለስደተኛዋ ሴት ምስክር የሆነው ያ ዋሽቶ የነበረው አፍ ነው። እግዚአብሔር የግያዝን ምላስ መልሶ ለእውነት ተጠቀመበት። ስለዚህ የወሰድክ ካለህ፣ መልስ። የዋሸሽው ካለ፣ ተናገሪ። ያሳፍራል፤ አልዋሻችሁም፣ በጣም ያሳፍራል። ግን ማፈሩ ያልፋል። ደብቆ መኖር ነው የማያልፈው።

ለሳምንቱ

ሰኞ፦ አንድ ሰው በስሙ ጥሩ። ጎረቤታችሁን «ያቺ»፣ «ያ» እያላችሁ ከሆነ ስም ጠይቁ።
ማክሰኞ፦ ውሃ ሰልፍ ላይ ለአንድ ሰው ተራ ልቀቁ።
ረቡዕ፦ ከቋንቋችሁ ውጭ ላለ ሰው ቤት ሄዳችሁ የታመመ ካለ ጠይቁ።
ሐሙስ፦ ማታ ወሬ አታስተላልፉ።
ዓርብ፦ የተበደራችሁት ዕቃ ካለ መልሱ፤ ድስትም ቢሆን፣ ቻርጀርም ቢሆን።
ቅዳሜ፦ በቤት ውስጥ ይቅርታ መጠየቅ ያለባችሁን ጠይቁ።
እሑድ፦ ወደ ኅብረት ስትመጡ አንድ ሰው ይዛችሁ ኑ።

ተቀምጣችሁ ተወያዩበት

1. ልጅቷ ንዕማንን ለመጥላት ምን ምን ምክንያት ነበራት? እኛስ ማንን?
2. ግያዝ ራሱን ያሳመነበት ምክንያት ምን ነበር? የእኛ ምክንያትስ ምን ይመስላል?
3. በዚህ ካምፕ ውስጥ ቃሉ የሚታመን ሰው ማነው? ለምን አመናችሁት?

ጸሎት

ጌታ ሆይ፣ ስሟን ያልጻፍክልንን ልጅ አንተ በስሟ ታውቃታለህ። እኛንም በካርድ ቁጥር ሳይሆን በስማችን ታውቀናለህ። ካርቱም ለቀሩት፣ መንገድ ላይ ለወደቁት፣ የት እንዳሉ ለማናውቃቸው ወገኖቻችን ጠባቂ ሁን። ለሃጃና እንደ እሳቸው ላሉት ደግነታቸውን አስብላቸው። ትናንት የወሰድነውን የምንመልስበት ድፍረት፣ ዛሬ ያልሆነንን የማንወስድበት ጉልበት ስጠን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ። ይህን ወረቀት አንብባችሁ ስትጨርሱ ለሚቀጥለው ድንኳን ስጡ፤ ብዙ ኮፒ የለንም።